ደረሰኝ ያልተሰጠበት ዕቃ

ይድረስ ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

እማዬ፣ እንዴት ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? አክስቴ «እናትሽ ደረጃውን ሳታርፍ መውጣት ጀምራለች» ብላ የላከችውን ሳነብ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ግን አክስቴ ነገር ማሳመር እንደምትወድ ሁለታችንም ስለምናውቅ፣ ደረጃው ስንት እንደሆነ አንቺው ቆጥረሽ ጻፊልኝ። ደግሞ እኮ መጻፍ ትተሻል! ሁለት ደብዳቤ ልኬ የመጣልኝ መልስ አንድ መስመር ነው፤ እሱም «ልብስሽን በደንብ ደርቢ» የሚል። እሺ፣ ደርቤአለሁ።

እኔ በጣም ደህና ነኝ። አባዬም ደህና ነው፤ ይበላል፣ ይነጫነጫል፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ እርሳሱን ይፈልጋል። ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለንም ብዬ እንዳልጽፍልሽ ግን ውሸት ይሆንብኛል። በዚህ ቤት አንዲት መርፌ የት እንዳለች የሚያውቅ ሰው የለም። ባለፈው ሳምንት የሸሚዜን ቁልፍ የተከልኩት በቢሮ የወረቀት መስፊያ ነው፤ ይህን ለአክስቴ እንዳትነግሪያት።

ስትሄጂ «የሄድኩበትን ነገር በደብዳቤ እንዳታነሺብኝ» ብለሽ አስምለሽኛል። አላነሳም። ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ሥራዬ ነው፤ ምክር ቤታችን ስለ መንገድ ደንብና ስለ ፖሊስ ቁጥጥር ስላደረገው ስብሰባ። ይህ የሕዝብ ጉዳይ ነው፣ የቤታችን ጉዳይ አይደለም። አባዬ መሃል ከገባበት ጥፋቱ የኔ አይደለም።

አንቺ በሄድሽ በሁለተኛው ወር መንገዳችን ተዘጋ። አንድ የጭነት መኪና ፍሬን እምቢ ብሎት ቁልቁል መጥቶ የልብስ አጣቢዋን በር ይዞት ገባ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን፤ የተጎዱት ሰባት ብርድ ልብሶች ናቸው። ከዚያ በኋላ ምክር ቤቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አስራ ሁለት «ማንኛውም ጎማ ያለው ነገር» እንዳይገባ ወሰነ። በመንገዱ አፍ ላይ ሰንሰለት ተዘረጋ፣ ሰንሰለቱ ተቆለፈ፣ ቁልፉን ደግሞ አንድ ወጣት አስር አለቃ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቆመ። ሰፈሩ ወዲያው «ባለ ቁልፉ» ብሎ ሰየመው።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው ደስ ብሎት ነበር። መንገዱ ጸጥ አለ፣ አቧራው ቀነሰ፣ ልብስ አጣቢዋም ብርድ ልብሶቿን መንገዱ መሃል እንደ ንግሥት ዘርግታ ታሰጣለች። (ሰላም ብላሻለች። የትኛውን ሳሙና ትጠቀሚ እንደነበር እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች። ልንገራት ወይስ ምስጢር ነው?) ችግሩ የመጣው «ማንኛውም ጎማ ያለው ነገር» ከሚለው ነው። ባለ ቁልፉ ደንቡን ቃል በቃል ነው የያዘው። የእጅ ጋሪ አይገባም። የሕፃን ጋሪ አይገባም። ማዕዘኗ ላይ ያሉት አዛውንት ተሽከርካሪ ወንበራቸውን ሰንሰለቱ ጋ ትተው በሰው ጀርባ ታዝለው ቤታቸው ገቡ። አቤቱታው ወደ እኛ ቢሮ ይጎርፍ ጀመር፤ እኔም እየተቀበልኩ ከፋይል ጋር አያይዛለሁ። ፋይሉ አብጦ አብጦ ትራስ አከለ።

አሁን ወደ አባዬ ልምጣ። ወርክሾፑ ከሰንሰለቱ ውጭ፣ ቤታችን ከሰንሰለቱ ውስጥ መሆኑን ታውቂያለሽ። አባዬ ሦስት ወር ሙሉ አንድ አልጋ ሲሠራ ነበር። ሌላ ትእዛዝ ሁሉ እየመለሰ! ማን እንዳዘዘው ስጠይቀው «ደንበኛ አለ» አለኝ። ምን ዓይነት ደንበኛ ስለው «አስቸጋሪ ናት» አለ። «ናት?» አልኩት። «ደንበኛ ነው ያልኩት፤ አንቺ የቢሮ ሥራሽን ሥሪ» ብሎ መላጊያውን አነሳ። የእንጨቱን ጠረን ብታዪው! ብርጭቆ ወረቀት በእጁ ይዞ አንዱን ጠርዝ ግማሽ ቀን ያሻል፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ ይዳብሰዋል፤ ከዚያ ደግሞ እንደገና ያሻል።

ራስጌው ሲያልቅ ከመሣሪያ ቦርሳው ጋር ጋሪ ላይ ጭኖ በጠራራ ፀሐይ ወደ ቤት ሊያመጣው ተነሣ። «የደንበኛ ዕቃ ለምን ቤታችን ይመጣል?» አልኩት። «ወርክሾፑ ይረጥባል። ቬርኒሽ ደረቅ ክፍል ይወዳል።» ይህን ያለኝ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚያው ወርክሾፕ ውስጥ ቬርኒሽ ሲቀባ የኖረ ሰው ነው።

ባለ ቁልፉ አስቆመው። «አባት፣ ጎማ አይገባም። ከአስራ ሁለት ሰዓት በኋላ ይምጡ፣ እኔው ራሴ እገፋልዎታለሁ» አለው። አባዬ ደግሞ «በጨለማ የሚገባ የሌባ ዕቃ ነው፤ የኔ በቀን ነው የሚገባው» ብሎ ድርቅ አለ። ሦስት ቀን ሄደ፣ ሦስት ቀን ተመለሰ። በአራተኛው ቀን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሰንሰለቱ ጋ ሲደርስ ሁለቱንም ጎማ ፈትቶ ጭነቱ ላይ አስቀመጠና ጋሪውን እንደ በሬ ይጎትተው ጀመር! «ይኸው፣ ጎማ የለውም» አለ። ባለ ቁልፉ አሰበ አሰበና የደንቡን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ አነበበ። ከዚያም «ጎማው ላዩ ላይ ተቀምጧል፣ አባት። ስለዚህ ጎማ ያለው ነገር ነው» አለው። የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። አባዬ መሳቂያ ሲሆን እንዴት እንደሚሆን ታውቂዋለሽ። «አንተ የሰንሰለት ሎሌ!» ብሎ በሰው ፊት ሰደበው። አስር አለቃውም ፊቱ ቀላ፤ ጋሪውን ከነራስጌው፣ ከነመሣሪያ ቦርሳው ወስዶ ጣቢያ አስገባው።

ከዚህ በኋላ ያለው እንኳ አላሳቀኝም። አባዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ ጣቢያ ተመላለሰ። «ማን ወሰደብዎት?» ይሉታል። «ባለ ቁልፉ።» «የመለያ ቁጥሩ ስንት ነው?» «ቁጥር የለውም።» «ደረሰኝ ይዘዋል?» «አልሰጠኝም።» «እንግዲያው ምን ተወሰደብኝ ነው የሚሉት?» ይሉትና ወንበሩን ለሌላ ባለ ጉዳይ ያዞሩታል። ቤት ሲገባ ጎንበስ ብሎ ነበር የሚገባው፣ እማዬ። ቦርሳው ውስጥ ያ መላጊያ አለ፤ እጀታውን በአሮጌ ቀሚስሽ ጨርቅ ጠቅልለሽ የሰፋሽለት። ያለሱ አንድ ጣውላ እንኳ አልነካም። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም ነበር፤ በእነዚያ ቀናት አየሁት።

በመጨረሻ ማመልከቻ ጻፈ። ወረቀት ፈልጎ ስላጣ የጻፈው በብርጭቆ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ «ይሄ አቤቱታ ጥፍሬን ሞረደው» እያለች አመጣችልኝ። እንዲህ ይላል፤ «ዕቃዬን የወሰደው መንግሥት ከሆነ ወረቀት ይስጠኝ። ሌባ ከሆነ ፖሊስ ይያዝልኝ።» ከዚህ የተሻለ አቤቱታ በስድስት ዓመት ሥራዬ አላነበብኩም።

ስብሰባው አንድ ማክሰኞ ቀን ተደረገ። አጀንዳ አንድ፣ የመንገድ መግቢያ ደንቡን እንደገና ማየት። አጀንዳ ሁለት፣ ደንቡን የሚያስከብረውን ፖሊስ ማን ይቆጣጠረው የሚለው። ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናቸው፤ ሰው ሲያወራ በትንሽ ደወል ነው ጸጥ የሚያሰኙት። ከመጀመራችን በፊት ቀርቤ «አንደኛው አቤት ባይ አባቴ ነው፣ ቃለ ጉባኤውን ሌላ ሰው ይያዝ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝና «ጆሮሽ ይሰማል?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «እጅሽስ?» ይጽፋል አልኩ። «እንግዲያው ተቀመጪ። የሚወስነው ምክር ቤቱ ነው» አሉ።

አባዬ ያንን ቡናማ ኮቱን ለብሶ መጣ። የተኮሰው ራሱ ስለሆነ የካውያው ቅርጽ ጀርባው ላይ ቁጭ ብሏል። ዝምድናችን እንዳይታወቅ ብሎ ጎንበስ ብሎ «ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበርሽ ጸሐፊ» አለኝ። ኩራት ተሰማኝ። ከዚያ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጠና ክፍት መሆኑን ሳያውቅ «ቁርስ በልተሻል?» አለኝ። አዳራሹ በሙሉ ሰማ። ከኋላ የተቀመጠችው ልብስ አጣቢ «በልታለች፣ እኔ ነኝ ያበላኋት!» ብላ መለሰችለት። ደወሉ ተደወለ።

አባዬ የደረሰበትን በደንብ ተናገረ። የተሳደበውን ግን ዘለለው። ቀጥሎ ባለ ቁልፉ ተጠራ። ኮፍያውን አውልቆ ቆመ፤ ኮፍያ ሲያወልቅ እንዴት ልጅ እንደሆነ ያኔ ነው ያየነው። እንዲህ አለ፤ «አንዲት ጎማ ብታልፍ ማዕረግህን እናነሳለን ተብያለሁ። የደረሰኝ ጥራዝ ይሰጠኝ ብዬ ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ፣ አልመጣልኝም። ደረቴ ላይ ቁጥር የሌለው ስላልተሰጠኝ ነው። በቀን አስር ሰዓት እቆማለሁ፤ መቀመጫ የለኝም።» ሰብሳቢዋ «ለመሆኑ የሰውዬው ዕቃ የት ነው ያለው?» ብለው ጠየቁት።

«የጣቢያው መጋዘን ጣሪያው ያፈሳል» አለ። «ስለዚህ እዚያ አላስገባሁትም። ራስጌውን ልብስ መቀየሪያ ክፍላችን ውስጥ አቁሜ የዝናብ ልብሴን አልብሼዋለሁ። መላጊያው እንዳይዝግ በየቅዳሜው ስለቱን ዘይት እቀባዋለሁ። እጀታው ላይ ያለውን ጨርቅ ግን አልፈታሁትም፤ አንድ ሰው ተጠንቅቆ የሰፋው ነገር ስለሚመስል።»

አባዬ ሳይፈቀድለት ብድግ አለ። ደወሉ ተደወለ፤ አልተቀመጠም። እንደገና ተደወለ፤ አሁንም አልተቀመጠም። ከዚያ ይህን ተናገረ፣ እኔም ቃል በቃል ጻፍኩት፤

«ክብርት ሰብሳቢ፣ እኔ የከሰስኩት ይህ ልጅ ሳይጠይቅ፣ ወረቀትም ሳይሰጥ የሰው ዕቃ ወሰደ ብዬ ነው። እውነት ነው፣ ወስዷል። ግን ጠብቆ አቆይቶልኛል። እኔ ደግሞ በገዛ ቤቴ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የተተኛበትን አልጋ ሳልጠይቅ ፈትቼ ጣውላውን ለሌላ ሰው ቁም ሳጥን አደረግሁት። በሳምንት እተካለሁ ብዬ፣ ጉልበቷን የሚያማትን ሰው አንድ ዓመት መሬት ላይ አስተኛሁ። ደረሰኝ አልሰጠሁም። ስትጠይቀኝ ተቆጣሁ። ይቅርታም አላልኩም።» ከዚያ ወደ አስር አለቃው ዞረና «ልጄ፣ ሎሌ ስላልኩህ ይቅርታ አድርግልኝ» አለው። ቀጠለና «ሌላኛው ይቅርታ የሚገባት እዚህ የለችም» አለ፤ ተቀመጠ።

እስክሪብቶዬ ቆመ፣ እማዬ። ፊደሉ ራሱ አልታይ አለኝ። እንደምንም «ክብርት ሰብሳቢ፣ የግል ጉዳይ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ?» ብዬ ጠየቅሁ። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ነበር። «በተለይ እሱን ጻፊው» አሉ፤ «ጥርት ባለ ፊደል።»

ጽፌዋለሁ። ሠላሳ ዓመት አብረሽው ኖረሽ ከአፉ ያልሰማሽውን ቃል እኔ ሰማሁ ብል እንደማታምኚኝ ስለማውቅ፣ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ገጽ አራት ላይ ነው። አክስቴም ታንብበው፤ የሕዝብ ሰነድ ነው።

ከዚያ ደንቡ ላይ ክርክር ተጀመረ። አንድ የምክር ቤት አባል «ፖሊሱ ደረሰኝ ሲጽፍ ሊውል ነው!» ብለው ተቃወሙ። ሰብሳቢዋ «ሲጽፍ ከዋለ ሲወስድ አይውልም» አሉና ነገሩ በዚያው አለቀ። መኪና በቀን እንዳይገባ የሚለው ጸና፤ በእጅ የሚገፋ ነገር ሁሉ ግን እንዲገባ ተፈቀደ። ፖሊስ መለያ ቁጥር ደረቱ ላይ እንዲያደርግ፣ ለሚይዘው ዕቃ ሁሉ ደረሰኝ እንዲሰጥ፣ በፖሊስ ላይ የሚቀርብ አቤቱታን የሚሰማ ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ እንዲቋቋም ተወሰነ። ከሦስቱ አንዷ ማን መሰለችሽ? ልብስ አጣቢዋ! ከዚያን ቀን ጀምሮ ብርድ ልብስ የምታሰጣው እንኳ በሥልጣን ነው።

ታክሲ ለታማሚና ለአዛውንት እስከ በር ድረስ ይግባ የሚለው አንቀጽ ሊጸድቅ ሲል አባዬ እጁን አወጣ። «ሻንጣ ይዞ ለሚመጣ ሰውም ይጨመር» አለ። ሰብሳቢዋ «አባት፣ የእርስዎ አቤቱታ ስለ ጋሪ ነው። ሻንጣ ከየት መጣ?» አሉት። «ከሌላ ከተማ አውቶቡስ የሚወርድ ሰው ይኖራል» አለ። «ጉልበቷን የሚያማት ሴት ሻንጣዋን ተሸክማ ከሰንሰለቱ እስከ በሯ ያንን ዳገት ልትወጣ ነው?» ከዚያ አዳራሹን አየና «ለምሳሌ ነው ያልኩት» ብሎ ጨመረ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ሰብሳቢዋ ራሳቸው ሁለት እጅ አወጡ፤ እኔ ግን አንድ ብዬ ነው የቆጠርኩት።

በማግሥቱ ባለ ቁልፉ ጋሪውን ራሱ እየገፋ መጣ። ደረቱ ላይ አዲስ ቁጥር፣ እጁ ላይ አዲስ ጥራዝ። ለመለሰው ዕቃ ደረሰኝ ካልጻፍኩ ብሎ በራችን ላይ ሩብ ሰዓት ቆመ፤ «መላጊያ፣ አንድ፣ ከነጨርቁ» ብሎ ሁሉ ጽፏል። አባዬ ደግሞ ከተራረፈ ጣውላ ባለ መደገፊያ ወንበር ሠርቶ ሰንሰለቱ ጋ አስቀመጠለት። አሁን ሁለቱ ከሰዓት በኋላ እዚያ ተቀምጠው ስለ እንጨት ሲያወሩ ማየት ነው። ልጁ መሮ እንዴት እንደሚሳል እየተማረ ነው።

አልጋውን ሁለቱ ተሸክመው አስገቡት። በበሩ አልገባ ብሎ በሩን ነቀሉት፤ ከዚያ በሩን መልሰው ሲገጥሙት ተገልብጦ ተገጠመ። ይስተካከላል። አልጋው መኝታ ክፍሉ ውስጥ፣ ጠዋት ፀሐይ በሚገባበት በመስኮቱ በኩል ቆሟል። ደረቅ ክፍል ስለሆነ ነው፤ ቬርኒሹ እንዲደርቅ። ከደረቀ እንኳ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ደንበኛው አልመጣም። አባዬ እዚያው አጠገቡ መሬት ላይ፣ በፍራሹ ላይ ይተኛል። አልጋው እያለ ለምን ስለው «በደንበኛ ዕቃ ላይ አይተኛም» ይላል።

አንድ የሚያስቀኝ ነገር ብቻ አለ፤ አልጋው በጣም ረጅም ነው። እግሮቹን አልቆረጣቸውም። እንደ ጠረጴዛ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ሰው ሊተኛበት ቢፈልግ መሰላል ያስፈልገዋል። ዛሬ ይህን ደብዳቤ ስጀምር አባዬ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። «ለማን ነው?» አለኝ። ለእማዬ አልኩት። «ሰላም በይልኝ» አለና ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። «የአልጋውን እግር ለመቁረጥ ልክ የለኝም» አለ። «ሰው ሲቀመጥ ከወለሉ እስከ ጉልበቱ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ጠይቂልኝ።»

«ማንን ልጠይቅ?» አልኩት።

«የምትጽፊላትን ጠይቂያት» ብሎኝ ወጣ። ግን ወደ ሥራው አልሄደም፤ ከግድግዳው ወዲያ ቆሞ እንደሆነ አውቃለሁ።

እኔ እንግዲህ የእሱን ደንበኛ ጉልበት የት አውቄው ነው? አንቺ ጋ ግን ሜትር ካለ፣ ወንበር ላይ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪና አክስቴ ትለካሽ። ቁጥሩን ጻፊልኝ። ደብዳቤ ለመድረስ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል፤ አውቶቡሱ ግን በአንድ ቀን ይደርሳል። መጋዙ ተስሎ ተቀምጧል።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ የምትረግጪውን ደረጃ ሁሉ ሜዳ ያድርግልሽ። አክስቴን አቅፈሽ ሳሚልኝ። ልብስሽን በደንብ ደርቢ።

ሁልጊዜ የምትወድሽ፣

ልጅሽ